ከዩኒቲ ወዲያ፦ ስማቸው ያልገነነ ጌም ኢንጂኖች



የመድረኩ አዘጋጆች ለዚህ ምሽት የሰጡት ጥያቄ አጭር ነው፦ ብቻውን ወይም ከሁለት ከሦስት ጓደኛ ጋር ጌም የሚሠራ ሰው ከዩኒቲና ከአንሪል ሌላ ምን አማራጭ አለው? መልሱ ረዘም ይላል። ስማቸው እምብዛም የማይነሣ፣ ግን በሚሊዮን የተሸጡ ጌሞች የወጡባቸው ኢንጂኖች ሞልተዋል። ሁሉንም መዘርዘር ስለማይቻል የዛሬው ንግግር አራት ጥያቄ ይዞ ይሄዳል። ኢንጂኑ የማን ነው? ምን ያህል ይከብዳል? ለምን ዓይነት ጌም ተሠራ? ፊደላችንንስ ይጽፋል? የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆናችሁ አንድ ነገር ይቅደም። ጌም ኢንጂን ሥዕሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣ፣ ድምፁን የሚያጫውት፣ የጣት ንክኪ የሚቀበል፣ ኳስ ግድግዳ ሲመታ ወዴት እንደሚነጥር የሚያሰላ ዝግጁ ሶፍትዌር ነው። ጌም ሠሪው ይህን ሁሉ ከዜሮ ከመጻፍ ይድናል። በዚያው ልክ ግን ሌላ ሰው በሠራው መሠረት ላይ ቤቱን ይሠራል ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄም የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንደኛ፣ ኢንጂኑ የማን ነው?

ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ዩኒቲ አዲስ ክፍያ አስታወቀ። የጌሙ ገቢና የጭነቱ ብዛት ከተወሰነ መጠን ካለፈ፣ ጌሙ አንድ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ አዲስ በተጫነ ቁጥር ሠሪው ለዩኒቲ ይከፍላል ተባለ። በነፃው ደረጃ ለሚሠሩት ገደቡ በዓመት 200 ሺህ ዶላር ገቢና 200 ሺህ ጭነት ነበር፤ ክፍያው ደግሞ በአንድ ጭነት 20 የአሜሪካ ሳንቲም። ሃያ ሳንቲም ምን አላት የሚል ካለ፣ በነፃ የሚወርድ የስልክ ጌም ያስብ። ከሚያወርዱት መካከል ገንዘብ የሚያወጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ክፍያው ግን በሁሉም ራስ ላይ ሊቆጠር ነበር። ቁጣውን ያባባሰው ሌላም ነገር ነበር፦ ደንቡ አስቀድመው ገበያ ላይ የዋሉትን ጌሞችም እንዲነካ ታስቦ ነበር። ሰው ሠርቶ ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ውሉ ሊቀየርበት ነበር።

ኩባንያው በቀናት ውስጥ ደንቡን አለዘበ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ጆን ሪቺቴሎ በኦክቶበር ለቀቁ፤ በዓመቱ፣ በሴፕቴምበር 2024፣ ክፍያው ጭራሽ ተሰረዘ። ጥርጣሬው ግን አብሮ አልተሰረዘም። ቴራሪያ የተባለውን ጌም የሠራው ሪ-ሎጂክ፣ ራሱ ዩኒቲን እምብዛም ባይጠቀምም፣ ለሁለት ክፍት ምንጭ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሥራዎች ለጎዶትና ለኤፍኤንኤ ለእያንዳንዳቸው 100 ሺህ ዶላር ሰጠ፤ በየወሩም አንድ አንድ ሺህ ዶላር ጨመረ። ስሌይ ዘ ስፓየር የተባለው ጌም ሠሪዎች ደግሞ በዩኒቲ የጀመሩትን የጌሙን ሁለተኛ ክፍል ወደ ጎዶት አዛወሩት።

ጎዶትን ዛሬ «ስሙ ያልገነነ» ማለት ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን የመጣበት መንገድ ለሌሎቹም መለኪያ ይሆናል። ሁዋን ሊኒዬትስኪና አሪየል ማንዙር የተባሉ ሁለት አርጀንቲናውያን ለራሳቸው ሥራ የሠሩት መሣሪያ ነበር። በ2014 ኤምአይቲ በሚባለው ፈቃድ ለሁሉም ለቀቁት። በዚህ ፈቃድ ማንም ሰው ኢንጂኑን ወስዶ ጌም ሠርቶ ሸጦ ከገቢው ለማንም ምንም አያካፍልም። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ሌላ ነው። ነገ መሪዎቹ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ እንኳ ዛሬ ያወረዳችሁት ቅጂ ከነኮዱ በእጃችሁ ይቀራል፤ የትናንቱን ውል ማንም መልሶ ሊነጥቅ አይችልም። ብሮታቶ፣ ዶም ኪፐር፣ ካሴት ቢስትስ የተባሉት ጌሞች በጎዶት የተሠሩ ናቸው።

ዲፎልድ ሌላ መንገድ ሄዷል። በስዊድን ተወለደ፤ የካንዲ ክራሽ ባለቤት ኪንግ ገዛው፤ በ2016 በነፃ ለሕዝብ ተለቀቀ፤ በ2020 ኮዱ ተከፍቶ ለራሱ ፋውንዴሽን ተሰጠ። ፈቃዱ አንድ ገደብ አለበት፦ ኢንጂኑን ራሱን ኢንጂን አድርጎ መሸጥ አይቻልም። በዚህ ምክንያት ክፍት ምንጭ ብሎ ለመጥራት የሚቸገሩ አሉ። ጌሙን ለሚሸጥ ሰው ግን ክርክሩ ብዙ አይነካውም።

«ነፃ ነው» ማለትና «የኔ ነው» ማለት ግን አንድ እንዳልሆኑ የኤክስኤንኤ ታሪክ ያሳያል። ማይክሮሶፍት በ2006 ለትናንሽ ሠሪዎች በነፃ ያቀረበው መሣሪያ ነበር፤ ሰው ወደደው፤ ትምህርቱ በዛ፤ በ2013 ኩባንያው ከእንግዲህ አዲስ ስሪት የለም አለ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። በኤክስኤንኤ ይሠሩ የነበሩትን ያዳናቸው ሌሎች ሰዎች የኤክስኤንኤን ትእዛዞች እንዳሉ ተቀብለው የሚሠሩ ክፍት ምንጭ ተተኪዎችን፣ ሞኖጌምንና ኤፍኤንኤን፣ መጻፋቸው ነው። ኤሪክ ባሮን አራት ዓመት ተኩል ገደማ ብቻውን ለፍቶ በ2016 ያወጣው ስታርዱ ቫሊ የተባለው ጌም የተጀመረው በኤክስኤንኤ ነበር፤ በ2021 መጨረሻ ወደ ሞኖጌም ተዛወረ። ተተኪ መጻፍ ባይቻል ኖሮ የዚያ ሁሉ ዓመት ሥራ በአሮጌ መሠረት ላይ ታስሮ ይቀር ነበር።

ሁለተኛ፣ ምን ያህል ይከብዳል?

ይህ ጥያቄ በካሊፎርኒያ ብዙ አይጠየቅም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን የዳታ ፓኬጅ የሚገዛ ሁሉ ይገባዋል። አንሪልን ለመጫን በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ማውረድና ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል። ጎዶት ከ200 ሜጋባይት በታች የሆነ አንድ ፋይል ነው፤ መጫን እንኳ አይፈልግም፤ ከፍላሽ ላይ ይከፈታል። ልብ በሉ፣ ጌሙን ወደ ስልክ ለማውጣት የሚያስፈልጉት ቴምፕሌቶች ለብቻቸው ይወርዳሉ፤ እነሱም ከኢንጂኑ ራሱ በብዙ ይከብዳሉ። የአንድሮይድ መሣሪያዎችም ይከተላሉ። ላቭ የሚባለው ኢንጂን ደግሞ በጥቂት ሜጋባይት ያልቃል።

በዚህ በኩል ዲፎልድ ሊመሰገን ይገባል። አንድሮይድ ስቱዲዮን ሳያስጭን ኤፒኬ (የአንድሮይድ መጫኛ ፋይል) ያወጣል፤ ባዶ ጌሙም ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው። በብራውዘር የሚከፈት ጌም በጎዶት ቢሠራ ግን ተጫዋቹ አንድም ሥዕል ሳያይ ኢንጂኑ ብቻውን፣ ሳይጨመቅ፣ ከ20 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል። ላፕቶፕ ለሌለው ተማሪ ጂዴቨሎፕ አለ፤ ያለ ኮድ፣ በብራውዘር ወይም በስልክ ላይ ጌም ይሠራበታል። በነፃው ደረጃ በሚወጣው ጌም ብዛት ላይ ገደብ አለ፤ ለመማር ግን ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ለምን ዓይነት ጌም ተሠራ?

ትልልቆቹ ኢንጂኖች ሁሉን እንችላለን ይላሉ፤ ይችላሉም። ትናንሾቹ አንድ ነገር መርጠው እሱን ያቀላሉ። ስለዚህ ከእነሱ ጋር የሚጣላው ብዙ ጊዜ ምን መሥራት እንደሚፈልግ ያልወሰነ ሰው ነው።

የባላትሮን ነገር ተመልከቱ። ሎካልታንክ በሚል ስም ብቻ የሚታወቅ አንድ ካናዳዊ፣ ማንነቱን ደብቆ፣ የካርታ ጌም ሠራ። የተጠቀመበት ላቭ የሚያንቀሳቅሱት ዕቃ፣ የሚጎትቱት ሳጥን፣ የሚጫኑት ቁልፍ ያለበት መስኮት ጭራሽ የለውም። ባዶ ፋይል ይከፈታል፤ በሉዋ ቋንቋ ኮድ ይጻፋል፤ በቃ። ጌሙ በፌብሩዋሪ 2024 ወጣ፤ በአንድ ወር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ በ2025 መጀመሪያ አምስት ሚሊዮን ደረሰ። በ2024ቱ ዘ ጌም አዋርድስ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ በግል የተሠራ ምርጥ ጌም ከሚለው ጀምሮ ሦስት ሽልማት ወሰደ። ካርታ ጠፍጣፋ ነው፤ ይገለበጣል፣ ይደረደራል፣ ይቆጠራል። ባለ ሦስት ገጽታ ዓለም፣ ጥላና ጭጋግ የሚያሰላ ኢንጂን ለዚህ ምን ይሠራለታል? በነገራችን ላይ የላቭ ጌም በመሠረቱ ዚፕ ፋይል ስለሆነ ማንም ከፍቶ ኮዱን ያነባል። ለባላትሮ ይህ በረከት ሆነለት፤ ተጫዋቾች ጌሙን እየለወጡ የራሳቸውን ጀከር እየጨመሩ ይለቃሉ። ኮዴ ይታያል ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ግን አስቀድሞ ይወቀው።

ስለዚህ ገበጣን በስልክ ላይ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ጉድጓድና ጠጠር፣ ተራና ቆጠራ እንጂ ሌላ አያስፈልገውም፤ ላቭም ዲፎልድም ይበቁታል። ባለ ሦስት ገጽታ የመኪና እሽቅድድም በኢንተርኔት ለብዙ ሰው ላዘጋጅ የሚል ሰው ደግሞ ወደ ላቭ ቢመጣ ራሱን ይቀጣል። እሱ ጎዶትን፣ ካልሆነም ትልልቆቹን ይመልከት።

ከሁሉ የሚገርመው ፒኮ-8 ነው። የሌክሳሎፍል ባለቤት ጆሴፍ ዋይት የሠራው፣ በዓለም ላይ ኖሮ የማያውቅ አሮጌ የጌም ማሽን ነው ሊባል ይችላል። ስክሪኑ 128 በ128 ፒክሰል፤ ቀለሙ 16፤ ጌሙ በሙሉ ከ32 ኪሎባይት አይበልጥም። ገደቡ የተቀመጠው ሆን ተብሎ ነው፤ ሠሪው ሥራውን እንዲጨርስ ያስገድደዋል። ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ በአራት ቀን በፒኮ-8 የሠሩት ተራራ የመውጣት ጨዋታ በኋላ ሰለስት ሆነ፤ በ2018 ወጥቶ የዓመቱ መነጋገሪያ ሆነ። ሙሉው ሰለስት የተጻፈው በፒኮ-8 አይደለም፤ ከኤክስኤንኤ ዘር በተወለዱት መሣሪያዎች ነው። ትንሹ ኢንጂን ሐሳቡ መሥራቱን አረጋገጠ፤ ከዚያ ሠሪዎቹ አልፈውት ሄዱ። እንዲህ መጠቀም ብዙ ጊዜ የማይነገር፣ ግን በጣም ብልህ መንገድ ነው። ፒኮ-8 የሚሸጥ ነው፤ ለትምህርት የሚሆን ነፃ ስሪቱ ግን በብራውዘር ይከፈታል።

ሬንፓይ ለዚህ አገር ጸሐፊዎች ይበልጥ ቅርብ ሊሆን ይችላል። ቶም ሮታሜል በ2004 ያወጣው፣ በፓይተን ላይ የቆመ፣ ታሪክ ለማንበብና በየመንገዱ ምርጫ ለመስጠት የተሠራ ኢንጂን ነው። ገጸ ባሕርይ ትቆማለች፤ ንግግሯ ከታች ይጻፋል፤ ተጫዋቹ መልስ ይመርጣል፤ ታሪኩ ይጠማዘዛል። በ2017 የወጣው ዶኪ ዶኪ ሊተረቸር ክለብ፣ በ2023 የወጣው ስሌይ ዘ ፕሪንሰስ የተሠሩት በዚህ ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተሰብስቦ ያዳመጠ አገር ይህ ዓይነቱ ጌም ባዕድ አይሆንበትም። ጥሩ ጸሐፊ፣ ጥሩ ሠዓሊና ጥሩ ድምፅ ካለ ኮዱ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው።

አድቬንቸር ጌም ስቱዲዮ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የጠቅታ ጀብዱ ጌሞችን ያወጣል፤ አናቫውድ የሱ ነው። አርፒጂ ሜከር ቱ ዘ ሙንን ሰጥቷል። ጂቢ ስቱዲዮ በእውነተኛ ጌምቦይ ላይ የሚሠራ ጌም ያወጣል። እነዚህን ስም ጠርቶ ማለፍ ይበቃል፤ የሚፈልጋቸው ሰው ለምን እንደሚፈልጋቸው አስቀድሞ ያውቃል።

ወደ አራተኛው ከመሻገር በፊት ስለ ጉድለታቸውም መነገር አለበት። የትንንሽ ኢንጂኖች ትምህርት ጥቂት ነው፤ ችግር ሲገጥም መልሱን ቀድሞ የጻፈ ሰው ላይገኝ ይችላል። ማስታወቂያና ክፍያ የሚያገናኙ ዝግጁ መሣሪያዎች በዩኒቲ ብዛት አይገኙም። ፕሌይስቴሽንና ኒንቴንዶ መሣሪያዎቻቸውን የሚሰጡት በምስጢር ውል ስለሆነ፣ ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ ኢንጂን እነዚያን ክፍሎች በአደባባይ ማስቀመጥ አይችልም፤ በጎዶት የሚሠራ ሰው ለዚህ ብዙ ጊዜ ሌላ ድርጅት መቅጠር ይኖርበታል። ባላትሮ በእነዚህ የጌም ማሽኖች ላይ ደርሷልና መንገዱ ዝግ አይደለም፤ ወጪውን ግን አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

አራተኛ፣ ፊደላችንን ይጽፋል?

ይህን ጥያቄ የውጭ ማነጻጸሪያዎች አያነሡትም፤ ለእናንተ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ከሚገኘው ችግር ሁሉ ውድ የሚሆነው ይህ ነው። መልካሙ ዜና ይቅደም። የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ ኮምፒውተሮች ለፊደላት ቁጥር በሚሰጡበት በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ አለ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል፤ «ሉ» ራሱን የቻለ አንድ ቁጥር፣ «ሊ» ሌላ ቁጥር አለው። እንደ ዐረብኛ ፊደሎቹ ተያይዘው ቅርጽ አይለዋውጡም። ስለዚህ ኢንጂኑ የተራቀቀ የጽሑፍ ሥርዓት ባይኖረውም እንኳ ፊደሉ ያለበት ፎንት ከተሰጠው ብዙ ጊዜ ያሳያል። በሬንፓይ ፎንቱን በጌሙ ፎልደር ውስጥ ጨምሮ ጥቂት መስመር መቀየር ይበቃል።

ወጥመዶቹ ግን ከኢንጂን ኢንጂን ይለያያሉ። ጎዶት 4 በጌሙ ፎንት ውስጥ ያላገኘውን ፊደል ከኮምፒውተሩ ፎንቶች ይበደራል። ሠሪው በላፕቶፑ ላይ አማርኛውን አምሮ ያየዋል፤ በብራውዘር ሲያወጣው ይህ ብድር ስለማይሠራ ፊደሎቹ በባዶ ሳጥን ይተካሉ። በዲፎልድ ፎንት የሚዘጋጀው አስቀድሞ ነው፤ በነባሪው የሚያካትተው መሠረታዊ የላቲን ፊደላትን ስለሆነ የግዕዙን እናንተ ዘርዝራችሁ ማስገባት አለባችሁ።

ላቭ ላይ ደግሞ ጽሑፍ ፊደል በፊደል እየታየ እንዲሄድ ስታደርጉ ችግር ይገጥማችኋል። ሉዋ የጽሑፍን ርዝመት የሚቆጥረው በባይት ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲሆን የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ከውጭ ትምህርት የተቀዳ ኮድ አንድ ባይት ቆርጦ ላሳይ ሲል «ሰ»ን ከመካከሏ ይሰነጥቃታል፤ ጌሙም በስሕተት መልእክት ይቆማል። መፍትሔው ከላቭ ጋር አብሮ የሚመጣውን ዩቲኤፍ-8 የሚባል ላይብረሪ መጠቀም ነው። ሁለት መስመር ኮድ ነው፤ ያላወቀውን ግን ሌሊቱን ሙሉ ያስቀምጠዋል።

ፒኮ-8 ላይ ነገሩ ሒሳብ ይሆናል። በራሱ ፎንት ውስጥ ግዕዝ የለም። ፊደላቱን እንደ ሥዕል ላስገባቸው ካላችሁ የሥዕል ማኅደሩ 8 በ8 ፒክሰል የሆኑ 256 ቦታዎች አሉት። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ «ቋ»ና «ጓ» ገና አልተቆጠሩም። ለጀግናውና ለጠላቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ያም ሆኖ ይቻላል፤ ጌሙ የሚያሳያቸውን ቃላት ብቻ መርጦ፣ በእነሱ ውስጥ ያሉትን ፊደላት ብቻ መሣል። ሌላው ፈተና «ጨ»ን ከ«ጬ» በስምንት ፒክሰል ለይቶ ማሳየት ነው፤ እዚያ ላይ የሠዓሊው እጅ ይታያል።

ስለ ፎንት አንድ የሕግ ነገር አለ። ከዊንዶውስ ጋር የመጣውን ኒያላ የተባለ ፎንት ገልብጦ በጌም ውስጥ መሸጥ በፈቃዱ የተሰጠ መብት አይደለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ሲል ግን በክፍት ፈቃድ የቀረቡ ናቸው፤ ከጌሙ ጋር ማሰራጨት ይቻላል።

ስለዚህ ኢንጂን ስትመርጡ የመጀመሪያው ሥራችሁ ጀግና መሣል አይሁን። አንድ ባዶ ስክሪን ክፈቱ፤ «ሿ»፣ «ቋ» እና «ጇ» ያሉበት፣ በአራት ነጥብ የሚያልቅ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ያንን ኤፒኬ አድርጉና የራሳችሁ ባልሆነ ርካሽ ስልክ ላይ ጫኑት፤ በብራውዘርም ከሌላ ኮምፒውተር ክፈቱት። ፋይሉ ስንት ሜጋባይት እንደሆነ እዚያው ጻፉ፤ የኢንጂኑንም ፈቃድ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ይህ ሁሉ ከግማሽ ቀን አይበልጥም።

የቀረው ጊዜ የጥያቄ ነው፤ ማይክሮፎኑ ከኋላ ረድፍ ይጀምር።